የሐይቅና የወንዝ ጀልባ ነጂዎች፣ ለባሕር ጠረፍ የጀልባ ኤግዚቢሽን እንዲህ ተዘጋጁ

ጀልባችሁን የምትነዱት ሐይቅ ወይም ወንዝ ላይ ከሆነ፣ ወደብ ከተማ ውስጥ የሚካሄድ ትልቅ የጀልባ ኤግዚቢሽን ማየት አለባችሁ። ከልቤ ነው የምላችሁ። በአንድ ቀን ብዙ ጀልባዎች ላይ እየወጣችሁ መሪውን ጨብጣችሁ፣ የሞተሩን ክዳን አስከፍታችሁ፣ አንዳንዴም የሠራውን ሰው ራሱን ፊት ለፊት የምትጠይቁበት ሌላ ቦታ አይገኝም። ግን አንድ ነገር ከወዲሁ ልንገራችሁ፦ እዚያ የሚታየው አብዛኛው ጀልባ የተሠራው ለባሕር ነው፣ ለእናንተ ውሃ አይደለም። ሻጩ ደግሞ የእናንተን ሐይቅ አያውቀውም። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ቤት ነው።

መጀመሪያ፣ የራሳችሁን ውሃ በቁጥር ያዙ

ከመሄዳችሁ በፊት እነዚህን ነገሮች ለክታችሁ ስልካችሁ ላይ ጻፉ። ውሃው በጣም በሚጎድልበት ወቅት ጥልቀቱ ስንት ነው? ጀልባ የምታወርዱበት ቦታ ምን ያህል ይሰፋል፣ ውሃው ጉድለት ላይ ሲሆንስ ተሳቢው እስከ ምን ድረስ ይገባል? በወንዝ ወይም በቦይ የምትሄዱ ከሆነ ዝቅተኛው ድልድይ ከውሃው በላይ ስንት ሜትር ነው? ጀልባውን የምታሳድሩበት ቦታ ርዝመትና ስፋቱስ? ሐይቃችሁ የሞተር ጉልበት ገደብ ወይም የቤንዚን ሞተር ክልከላ ካለው እሱንም ጻፉ።

ከሁሉም በላይ ግን መኪናችሁ መጎተት የሚችለውን ክብደት ከመኪናው መመሪያ ላይ አውጡ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ብሮሹር ላይ የሚጻፈው ክብደት ብዙ ጊዜ የባዶ ጀልባ ክብደት ነው፣ ነዳጅ የለበትም፣ ውሃ የለበትም፣ አንዳንዴ ሞተሩ ራሱ አልተቆጠረም። 200 ሊትር ቤንዚን ብቻውን ወደ 150 ኪሎ ይመዝናል፣ 100 ሊትር ውሃ ደግሞ 100 ኪሎ ነው፣ ከዚያ ተሳቢው አለ፣ መልሕቁ፣ ባትሪው፣ ዕቃው አለ። ሻጩን የምትጠይቁት «ስንት ይመዝናል?» ብላችሁ ሳይሆን «ነዳጅ ሞልቶ፣ ሞተሩ ተገጥሞ፣ ተሳቢው ላይ ሆኖ ስንት ይመዝናል?» ብላችሁ ነው። መልስ ከሌለው ያን ጀልባ አቆዩት።

የትኛው ኤግዚቢሽን፣ መቼ?

የምትመርጡት ጀልባዎቹ ውሃ ላይ የሚታዩበትን ቢሆን ይሻላል። አዳራሽ ውስጥ የቆመ ጀልባ የታችኛውን አካሉን ለማየት ጥሩ ነው፣ ሰው ሲወጣበት ምን ያህል እንደሚያጋድል ግን አያሳያችሁም። በአውሮፓ የካን፣ የጄኖዋ፣ የሳውዝሃምፕተንና የላ ሮሼል ኤግዚቢሽኖች በመስከረም ወር አካባቢ ተከታትለው ይመጣሉ። በአሜሪካ አናፖሊስ በኦክቶበር፣ ፎርት ላውደርዴል በኦክቶበር መጨረሻ ገደማ፣ ማያሚ በፌብሩዋሪ ነው። የፎርት ላውደርዴሉ ከ1959 ጀምሮ የሚካሄድ ሲሆን በከተማው ውስጥ በተለያዩ ቦታዎች የተበተነ ስለሆነ ከአንዱ ወደ ሌላው በውሃ ታክሲ ጭምር ይኬዳል። አናፖሊስ ደግሞ ሸራ ጀልባንና የሞተር ጀልባን ለየብቻ ያሳያል። ይህን ሳያዩ ትኬት ቆርጠው የሚፈልጉት ዓይነት ጀልባ በሌለበት ሳምንት የሚደርሱ ሰዎች አሉ፣ እባካችሁ ቀኑን አጣሩ።

የሥራ ቀን ሂዱ። ቅዳሜና እሁድ አንድ ጀልባ ላይ ለመውጣት ወረፋ ትይዛላችሁ፣ ሻጩም ለእናንተ ጊዜ አይኖረውም። ጠዋት በሩ እንደተከፈተ የምታገኙት ሰው ገና አልደከመም፣ ጥያቄያችሁን አንድ በአንድ ይመልሳል።

ማደሪያና መጓጓዣ ላይ ብዙ አልልም። ከተማው በዚያ ሳምንት ይሞላል፣ ስለዚህ ቀኑ እንደታወቀ ማደሪያ ያዙ። መኪና ይዛችሁ እስከ በሩ ድረስ ለመድረስ አትድከሙ። አብዛኞቹ ትልልቅ ኤግዚቢሽኖች ከሩቅ መኪና ማቆሚያ የሚያመላልስ አውቶቡስ ያዘጋጃሉ፣ እሱን ተጠቀሙ።

ምን ለብሳችሁ፣ ምን ይዛችሁ?

በቀላሉ የሚወልቅ ጫማ አድርጉ። የጀልባውን ወለል እንዳያበላሽ ጫማ አውልቃችሁ ነው የምትወጡት፣ መሸጋገሪያው ጋ ቅርጫት ይቀመጥላችኋል፣ ይህን በቀን ውስጥ ደጋግማችሁ ስለምታደርጉት ማሰሪያ ያለው ጫማ ያሰለቻችኋል። ንጹሕ ካልሲ አትርሱ። ፀሐዩ ከላይም ከውሃው እየተንጸባረቀም ስለሚመጣ ኮፍያ፣ መነጽርና የፀሐይ ክሬም ያስፈልጋል። ውሃ ዳር ያለው ነፋስ ከሰዓት በኋላ ሊበረታ ስለሚችል ቀለል ያለ ጃኬትም ያዙ።

ሜትር ይዛችሁ ሂዱ፣ ትንሿ ትበቃለች። አልጋው ርዝመቱ ስንት ነው፣ ጣሪያው ቁመታችሁን ይችላል ወይ፣ የወንበሩ ሥር ያለው ሣጥን ላይፍ ጃኬቶቻችሁን ይይዛል ወይ፣ ሁሉንም ለኩ፣ ማንም አይከለክላችሁም። ፎቶ ስታነሡ መጀመሪያ የጀልባውን ስምና ዋጋ የያዘውን ሰሌዳ አንሡ፣ ከዚያ ጀልባውን። እንዲህ ካላደረጋችሁ ማታ ስልካችሁን ስትከፍቱ ነጭ መቀመጫና ነጭ ወለል ብቻ ታያላችሁ፣ የትኛው የማን እንደሆነ አትለዩትም።

ከኤግዚቢሽኑ በፊት ባሕሩን እዩ

ይሄኛውን ክፍል ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ እኔ ግን ከጉዞው ሁሉ የምወደው እሱን ነው። አንድ ቀን ቀድማችሁ ድረሱና ወደቡን ሁለት ጊዜ ጎብኙ፣ አንዴ ባሕሩ ሲጎድል፣ አንዴ ደግሞ ስድስት ሰዓት ያህል ቆይታችሁ ሲሞላ። ሰዓቱን የከተማው የባሕር ሙላትና ጉድለት ሰንጠረዥ ይነግራችኋል። በብዙ ጠረፎች ባሕሩ በቀን ሁለቴ ይሞላል ሁለቴ ይጎድላል፣ በሁለት ሙላቶች መካከል ያለው ጊዜ ወደ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ነው። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ልዩነቱ ይሰፋል። ሳውዝሃምፕተን ላይ በእነዚህ ቀናት ልዩነቱ ወደ 4 ሜትር ይደርሳል፣ ካን ወይም ጄኖዋ ላይ ግን የሜዲትራኒያን ባሕር ሙላትና ጉድለቱ ትንሽ ስለሆነ ልብ ላትሉት ትችላላችሁ።

በምሰሶዎቹ ላይ የተጣበቁትን ቀንድ አውጣ መሳይ ነፍሳት እዩ፣ ውሃው እስከየት እንደሚደርስ ምልክቱ እነሱ ናቸው። ተንሳፋፊው መድረክ ከውሃው ጋር ሲወጣና ሲወርድ፣ መሸጋገሪያውም ጠዋት ደልዳላ የነበረው ከሰዓት እንደ መሰላል ሲቆም ታያላችሁ። ሐይቅ ላይ ጀልባውን አስራችሁ ሄዳችሁ ማታ ስትመለሱ እንዳሰራችሁት ታገኙታላችሁ። እዚህ ግን በአጭር ገመድ ቋሚ ግንብ ላይ የታሰረ ጀልባ ውሃው ሲጎድል ተንጠልጥሎ ይቀራል። የባሕር ጀልባ ለምን ብዙ ማሰሪያ፣ ረጅም ገመድና ትልቅ መልሕቅ እንደሚይዝ የሚገባችሁ ይህን ስታዩ ነው።

ወደ ወደቡ መግቢያም ተመልከቱ። አሜሪካ፣ ጃፓን፣ ኮሪያና ፊሊፒንስ ውስጥ ከባሕር ወደ ወደብ ስትገቡ ቀዩ ምልክት በቀኛችሁ ይሆናል። በአውሮፓ፣ በአፍሪካና በአብዛኛው ዓለም ደግሞ አረንጓዴው ነው በቀኝ። ከሐይቃችሁ ምልክቶች ጋር አስተያዩት፣ አንድ ቀን ባሕር ላይ ጀልባ የመከራየት ሐሳብ ካላችሁ ይጠቅማችኋል።

አሁን ወደ ጀልባዎቹ

በሩ እንደተከፈተ ወደ ትልልቆቹ ጀልባዎች አትሩጡ። ጠዋቱን ለእናንተ ውሃ ይሆናሉ ብላችሁ ቀድማችሁ ለመረጣችኋቸው ጥቂት ጀልባዎች ስጡ፣ ትልልቆቹን ከሰዓት በኋላ ለደስታችሁ ታዩአቸዋላችሁ።

አንድ ጀልባ ጋ ስትደርሱ መጀመሪያ አምራቹ የለጠፈውን ሰሌዳ ፈልጉ። በአውሮፓ ደንብ የሚሸጥ ከሆነ ኤ፣ ቢ፣ ሲ ወይም ዲ የሚል ደረጃ አለው። ሲ እስከ 2 ሜትር ማዕበልና በቢውፎርት መለኪያ እስከ 6 ለሚደርስ ነፋስ ነው፣ ቢ እስከ 4 ሜትርና እስከ 8፣ ኤ ከዚያ በላይ ነው። ዲ ለተከለለ ውሃ ነው። ለመካከለኛ ሐይቅ ብዙ ጊዜ ሲ በቂ ነው፣ ትልቅና ነፋሻ ሐይቅ ግን ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ስለሆነ አትናቁት። ሰሌዳው ላይ የሰው ቁጥርም አለ፣ ቤተሰባችሁን ቁጠሩበት።

ቀጥሎ የታችኛውን አካል ቅርጽ ጠይቁ። ለባሕር ተብሎ የተሠራ ፈጣን ጀልባ ከሥሩ ሹል ነው፣ ከኋላ ከ20 እስከ 24 ዲግሪ የሚደርስ ማዕዘን ይኖረዋል። ማዕበሉን ቆርጦ ስለሚሄድ ባሕር ላይ ይመቻል፣ ግን ብዙ ነዳጅ ይፈልጋል፣ ቆሞ ሳለ ሰው ወደ አንድ ጎን ሲሄድ ያጋድላል፣ ውስጥም ጠልቆ ይገባል። ውሃችሁ ጸጥ ያለና ጥልቀት የሌለው ከሆነ ለዚህ ሁሉ የምትከፍሉበት ምክንያት የለም። ጠፍጠፍ ያለውን ፈልጉ።

ከዚያ ወደ ሞተሩ። ባሕር ላይ የሚሠራ ሞተር ጨዋማውን ውሃ በቀጥታ ወደ ውስጡ እንዳያስገባ ብዙ ጊዜ የተዘጋ ማቀዝቀዣ ይኖረዋል። ለጨው አልባ ውሃ ያለ እሱም ይሠራል፣ ስለዚህ አማራጭ ከሆነ ስንት እንደሚያስጨምር ጠይቁ። የጀልባውን ብረት ከመበላት የሚከላከለውን ቁራሽ ብረት፣ አኖዱን፣ ከምን እንደተሠራ ሳትጠይቁ አትለፉ። ለባሕር የሚገጠመው ዚንክ ጨው በሌለው ውሃ ላይ በላዩ ሽፋን ይዞ ሥራውን ያቆማል። ለእናንተ የሚሆነው ማግኒዥየም ነው፣ አሉሚኒየምም በሁለቱም ውሃ ይሠራል። ትንሽ ዕቃ ናት፣ ግን ሳይቀየር ሐይቅ ላይ የገባ ጀልባ ቀስ በቀስ ፕሮፔለሩንና የሞተሩን እግር ያስበላል።

ሐይቃችሁ በብርድ ወቅት በረዶ የሚሆን ከሆነ «ውሃው ሁሉ የሚወጣው በየት ነው?» ብላችሁ ቧንቧዎቹን አስከፍቱ። ሞቃት ጠረፍ ላይ ለመሸጥ የተሠራ ጀልባ ላይ ይህን ማንም ላያስብበት ይችላል፣ ቱቦ ውስጥ የቀረ ውሃ በረዶ ሲሆን ደግሞ ሞተር ይሰነጥቃል። የታችኛው ቀለምም እንዲሁ ነው፦ የባሕር ነፍሳት እንዳይጣበቁ የሚቀባው ቀለም ብዙ ጊዜ መዳብ አለበት፣ ለአሉሚኒየም ጀልባ ጎጂ ነው፣ አንዳንድ ሐይቆችም አይፈቅዱትም።

የሙከራ ጉዞ የሚሰጥ ከሆነ ቀድማችሁ ተመዝገቡ። ስትሄዱ ጸጥ ባለው ወደብ ውስጥ ብቻ ዞራችሁ አትመለሱ፣ ከመግቢያው ወጣ በሉ። ግን አንድ ነገር አስታውሱ፣ ባሕር ውሃ ከንጹሕ ውሃ በ2.5 በመቶ ያህል ስለሚከብድ ጀልባው እዚያ ትንሽ ከፍ ብሎ ይንሳፈፋል። ሐይቃችሁ ከፍታ ቦታ ላይ ከሆነ ደግሞ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩ ያን ያህል ጉልበት አይሰጥም፣ የተለየ ፕሮፔለር ሊያስፈልግ ይችላል። ይህን ለሻጩ ንገሩት፣ መልስ የሚሰጣችሁ ሻጭ ሥራውን ያውቃል።

ትንንሾቹን ድንኳኖች አትለፉ

ጀልባ ባትገዙም የጉዞውን ዋጋ የሚመልሱላችሁ የዕቃ ድንኳኖች ናቸው። ላይፍ ጃኬት ለብሳችሁ ሞክሩ። የማንሳፈፍ ጉልበቱ 150 ኒውተን የሚለው ራሱን የሳተን ሰው በጀርባው ለማዞር ታስቦ የተሠራ ነው፣ 50 የሚለው ግን መዋኘት ለሚችልና ለጠረፍ ቅርብ ለሆነ ሰው ነው። ገመድ፣ መልሕቅና ሬዲዮ የሚሸጡት ሰዎች ብዙዎቹ ራሳቸው ባሕር ላይ የኖሩ ናቸው፣ ጥያቄ ስትጠይቋቸው ደስ ይላቸዋል።

ጀልባችሁን ማሪና (የጀልባ ማቆሚያ) ላይ ከመብራት ጋር የምታገናኙ ከሆነ የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሸጠው ጋ ቁሙና ስለ መከላከያ መሣሪያ ጠይቁ። የሚያፈስ ኤሌክትሪክ ከባሕር ይልቅ ጨው በሌለው ውሃ ላይ ለዋናተኛ የበለጠ አደገኛ ነው፣ ምክንያቱም ንጹሕ ውሃ ከሰው አካል ያነሰ ስለሚያስተላልፍ ኤሌክትሪኩ በሰውየው በኩል ያልፋል። የባሕር ሰዎች ይህ ብዙም አያሳስባቸው ይሆናል፣ እናንተን ግን ሊያሳስባችሁ ይገባል።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት

የኤግዚቢሽን ዋጋ የሚባለው ቅናሽ ሊያስቸኩላችሁ ይችላል። አትቸኩሉ። ጠቅላላውን ዋጋ በጽሑፍ ጠይቁ፦ ማጓጓዣው፣ ግብሩ፣ ተሳቢው፣ ማዘጋጃው፣ ሁሉም ተደምሮ። ቀብድ የምትከፍሉ ከሆነ በምን ሁኔታ እንደሚመለስ፣ በተለይም በራሳችሁ ሐይቅ ላይ ሞክራችሁት ካልሆነላችሁ እንደሚመለስ፣ ውሉ ላይ ይጻፍ። ዋስትናውን የሚሠራላችሁ ማን እንደሆነም ጠይቁ፣ ምክንያቱም ሻጩ ጠረፍ ላይ ነው፣ ጀልባው ግን እናንተ ጋ ሊበላሽ ነው። በአቅራቢያችሁ የሚጠግን ከሌለ ዋስትናው ወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል። ያገለገለ ጀልባ ከሆነ ደግሞ ከሻጩ ነጻ የሆነ መርማሪ ራሳችሁ ቅጠሩ።

ያገለገለ ጀልባ ወይም ተሳቢ ገዝታችሁ የምትመለሱ ከሆነ ሐይቃችሁ ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት እጠቡት፣ ውስጡ ያለውን ውሃ ሁሉ አፍስሱት፣ በደንብ አድርቁት። ያ ጀልባ ከዚህ ቀደም የት የት እንደገባ አታውቁም፣ ከሌላ ውሃ የሚመጡ ቀንድ አውጣዎችና አረሞች ደግሞ አንዴ ሐይቅ ከገቡ አይወጡም። የጨው ውሃ የነካውን ተሳቢ ፍሬንና የመንኮራኩር ኩሽኔታውን አስከፍታችሁ አሳዩ። ለረጅሙ የመልስ ጉዞ የምትተማመኑት በእነዚህ ነው፣ ስለዚህ ይህ ፍተሻ ከተማውን ለቃችሁ ከመውጣታችሁ በፊት ይሁን።