ባሕር ማዶ ሆናችሁ፣ የአባታችሁን ላንድሮቨር ግቢ ውስጥ ለማሳደስ

አሮጌ ላንድሮቨር ወይም እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1984 የተመረተው ላንድክሩዘር 40 በቤተሰብ ግቢ የቆመላችሁ፣ "ጋራዥ አስገቡት" ብላችሁ ብር ከመላካችሁ በፊት ስሙኝ። ባለቤቱ የማይመላለስበት መኪና ጋራዥ ውስጥ ጥግ ይይዛል። ዕቃውም አንድ በአንድ ይጠፋል። ግቢው ሰፊ ከሆነ እዚያው ይታደስ፤ መካኒኩ ይምጣ።

ሊብሬው በማን ስም ነው? ባለቤቱ አርፈው ከሆነ የወራሽነቱ ጉዳይ ይቅደም። በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ያረጋገጣችሁት ውክልና አዲስ አበባ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሰነዶች ማረጋገጫ በኩል ያልፋል። የሻንሲ ቁጥሩን ከመኪናው ላይ ፎቶ አስነሱና ከሊብሬው ጋር አስተያዩ።

ቦታው ከጣሪያ ይጀምራል። መጠለያው ክረምት ሳይገባ ይቁም። የላንድሮቨር ቦዲ በአብዛኛው አሉሚኒየም ነው፤ ሻንሲው ግን ብረት ስለሆነ ከውስጥ ይበላል። ላንድክሩዘሩ ቦዲውም ብረት ነው። ወለሉ ሲሚንቶ ይሁን፣ ከግቢው ከፍ ይበል፣ ውሃ እንዳይተኛበት በትንሹ ያዘቅዝቅ። ጉድጓድ ግን አታስቆፍሩ፤ የቤንዚን ትነት ታች ይተኛል። ክሪክና ጠንካራ የብረት መቆሚያ ይበቃል። በክሪክ ብቻ የተነሳ መኪና ሥር ማንም አይግባ።

ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው መብራቱ ላይ ነው። አገር ቤት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው፤ አሜሪካ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያስተካክላል፣ ኸርዙን ግን አይነካም። ስለዚህ የአሜሪካ ኮምፕሬሰር ዝግ ብሎ ይሽከረከራል፣ ሞተሩም ይግላል። ከአውሮፓ ወይም ከዱባይ የሚላከው ይሠራል፣ ሳዑዲ ግን 60 ኸርዝ ነው። ለብየዳ የራሱ ቆጣሪ ባይኖረውም የራሱ መስመርና ብሬከር ይኑረው።

ከአሜሪካ የምትልኩት የእጅ መሣሪያ ይሁን፣ በተለይ የኢንች ቁልፍ። የድሮዎቹ ላንድሮቨሮች ብሎን በአብዛኛው በኢንች ነው። በሚሊ ቁልፍ ሲታገሉት የብሎኑ ራስ ይሟሽሽና አይፈታም። ለላንድክሩዘር ሚሊው ይበቃል።

ከመሣሪያው ሁሉ የሚበልጠው ግን ቁልፍ ያለው ዕቃ ቤት ነው። የተፈታው ሁሉ በፌስታል ታስሮ፣ ስሙ ተጽፎበት፣ ፎቶው በቴሌግራም ይላክላችሁ። ቁልፉ ከዘመድ እጅ አይውጣ። የጎደለው አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ የመኪና ዕቃ ገበያ ይፈለግ፤ አሮጌውን ዕቃ ግን አዲሱ እስኪገጠም አታስጥሉ።

ክፍያው በየደረጃው ይሁን። ሻንሲው ዝገቱ ተጠርጎ፣ የተበላው ተበይዶ፣ ከሥር በኩል በቪዲዮ ሳታዩ ለቀለም ሰባራ ሳንቲም አትላኩ።