የሰላጣ ድሬሲንግ ሲበላሽ፦ ችግሩ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

መነሻ ልኩ፦ 2 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ወይም አቼቶ፣ 6 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሰናፍጭ፣ አንዲት ፍልቃቂ ነጭ ሽንኩርት። ልኩን ጠብቀው የሚሠሩ ሰዎች እንኳ የሚሳሳቱት ብዙውን ጊዜ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው።

ዘይቱ ተለይቶ ይንሳፈፋል

ዘይትና ሎሚ የሚያስታርቃቸው ካላገኙ አይዋሃዱም። አስታራቂው ሰናፍጭ ነው፤ ዘይቱን በጥቃቅን ጠብታ ከፋፍሎ ሎሚው ውስጥ ይይዘዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ሎሚውን፣ ጨውንና ሰናፍጩን ብቻ ምቱ። ዘይቱ መጨረሻ ይግባ፤ በአንድ እጅ እየመታችሁ በሌላው እንደ ክር አቅጥናችሁ አንቆርቁሩት። ዘይቱ በአንዴ ከተገለበጠ ጠብታው ትልቅ ይሆንና ወዲያው ይለያያል።

ከተለያየ አትድፉት። ንጹሕ ሳህን ላይ 1 የሻይ ማንኪያ ሰናፍጭ አድርጉና የተለያየውን በማንኪያ በማንኪያ እየጨመራችሁ እንደገና ምቱ።

የሰናፍጭ ዱቄት ከሆነ በቀዝቃዛ ውኃ ለውሳችሁ 10 ደቂቃ አቆዩት። የሚያቃጥለው ኃይሉ የሚወጣው በውኃ ነው፤ የፈላ ውኃ ወይም ገና ከመለወሱ ሎሚ ካገኘው ይለዝባል። ለጾም የተዘጋጀ የቤት ሰናፍጭ ከሆነ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ዘይት፣ ጨውና ነጭ ሽንኩርት ስላለበት ከእነዚህ ቀንሱ። ሰናፍጭ ከሌለ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ማር በመጠኑ ይረዳል። እሱም ከሌለ ክዳን ባለው ብልቃጥ 20 ሰከንድ ወዝውዛችሁ ወዲያው አቅርቡ፤ ምንም ነውር የለውም።

አንዱ ጉርሻ ጨው፣ ሌላው አልጫ

ጨው ዘይት ውስጥ አይሟሟም። ሎሚው ውስጥ ሟሙቶ ካለቀ በኋላ ነው ዘይት የሚጨመረው። ጨው ሳይሟሟ ዘይቱ ከገባ ግን 5 ደቂቃ አቆይታችሁ ደጋግማችሁ ወዝውዙት።

በጣም ኮመጠጠ

የእኛ ትንሿ ሎሚ ኃይለኛ ናት። ዘይት በአንድ አንድ ማንኪያ ጨምሩ፤ ካስፈለገ ቁንጥር ስኳር። ስትቀምሱ ግን የሰላጣ ቅጠል ነክራችሁ ይሁን፤ በማንኪያ ሲቀመስ ሁልጊዜም የበዛ ይመስላል።

መረረ

ሎሚው ከነፍሬው እስከ ልጣጩ ተጨምቆ ይሆናል፤ አጥልሉት፣ ልጣጩንም አታድቅቁ። በቅሎ የቆየ ነጭ ሽንኩርት ከሆነ መካከሉ ያለውን አረንጓዴ ቡቃያ አውጡ። የወይራ ዘይት በጁስ መፍጫ ሲመታ ይመራል፤ በእጅ ምቱት። የከረመ ለውዝ የሚሸት ዘይት ግን መድኃኒት የለውም፣ ይደፋ። የኑግ ዘይት ሳይበላሽም ጠረኑ ለስላሳ ቅጠልን ይውጠዋል፤ ለዚህ የሱፍ ዘይት ይሻላል።

ቅጠሉ ጠወለገ፣ ሳህኑ ሥር ውኃ ተጠራቀመ

እርጥብ ቅጠል ላይ ዘይት አይይዝም፣ ውኃውም ድሬሲንጉን ያቀጥነዋል። ቅጠሉን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላችሁ አድርቁ። የሚለወሰውም ሊበላ ሲል ነው፤ ዘይት ቅጠሉን ዘልቆ ገብቶ ያጠወልገዋልና። ለአንድ መካከለኛ ራስ ሰላጣ ከ2 እስከ 3 የሾርባ ማንኪያ ድሬሲንግ ይበቃል።

ቲማቲም ሰላጣ ላይ ውኃውን የሚያወጣው ጨው ነው። የተከተፈውን ቲማቲም ቀድማችሁ ጨው ነስንሱበትና 10 ደቂቃ አቆይታችሁ አጥልሉ። የወጣውን ጭማቂ አትጣሉት፤ ከሎሚው ግማሹን ይተካል፣ ጣዕሙም ግሩም ነው። ድሬሲንጉ ላይ ግን ጨው ቀንሱ።

ፍሪጅ ውስጥ ረጋ

የወይራ ዘይት ሲቀዘቅዝ ይረጋል እንጂ አልተበላሸም። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ውጭ አቆይታችሁ ወዝውዙት። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ያለበትን ግን ከፍሪጅ ውጭ አታሳድሩ፤ ፍሪጅም ውስጥ ቢሆን ከ4 ቀን አይለፍ። ዘይት ውስጥ የተዘፈዘፈ ነጭ ሽንኩርት ቦቱሊዝም የተባለውን ከባድ መመረዝ የሚያመጣውን ባክቴሪያ ሊያራባ ይችላል፤ መርዙ ደግሞ በጠረንም በጣዕምም አይታወቅም።