ጊታርና ሜትሮኖም አንስማማም ሲሉ

ደሴ ውስጥ ጊታር የሚለማመዱ ልጆች ደጋግመው የሚነግሩኝ ነገር አለ። «ለብቻዬ ስጫወት አሪፍ ነው፤ ሜትሮኖም ስከፍት ይበላሽብኛል።» ፍጥነት ጠብቆ ምት የሚያሰማው ሜትሮኖም ያበላሸው ነገር የለም። ድሮም የነበረውን ነው ያሰማችሁ። ስለዚህ ሳትዘጉት ችግሩ የቱ ጋ እንዳለ እንፈልግ።

ኮርድ ስትቀይሩ ምቱ ይቆማል?

ይሄ የሁሉም ጀማሪ ችግር ነው። ምክንያቱ ግራ እጅ አዲሱን ኮርድ፣ ማለትም አብረው የሚመቱትን ድምፆች፣ እስኪይዝ ቀኝ እጅ ቆሞ ስለሚጠብቅ ነው። ሜትሮኖሙን 60 ላይ አድርጉት፤ በሰከንድ አንድ ምት ማለት ነው። አራት ምት ጂ ኮርድ፣ አራት ምት ሲ ኮርድ ምቱ። ጣቶቻችሁ ባይደርሱም ቀኝ እጃችሁ አይቁም። ድምፁ ታፍኖ «ጭክ» ቢል ችግር የለውም፤ ኮርዱ ይዘግይ፣ ምቱ ግን ቦታውን አይልቀቅ።

አንድ ነገር ልጨምር። «አንድ-እና-ሁለት-እና» እያላችሁ ስትቆጥሩ፣ ከአራተኛው ምት ቀጥላ የምትመጣዋ «እና» ላይ ግራ እጃችሁን አንሱ። ቀኝ እጅ ወደ ላይ ሲመለስ ባዶውን ክር ይምታ። ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች ብዙ ጊዜ የሚያደርጉት ይሄንኑ ነው፤ ሰሚው ልብ አይለውም። ኮርዱን እስከ መጨረሻዋ ቅጽበት ሙጭጭ ብላችሁ ከያዛችሁ ግን ለመቀየር ጊዜ አይኖራችሁም።

ሳይታወቃችሁ ትፈጥናላችሁ?

አንድ ጊዜ ኮምቦልቻ ሰርግ ላይ ከጓደኞቼ ጋር ተጫውተን ቀረጻውን ቤት ገብቼ ሰማሁት። ዘፈኑ ሲጀመርና ሲያልቅ ፍጥነቱ ሌላ ነው። ያፈጠንኩት እኔ ነበርኩ። ድምፃዊው ስንኙን ጨርሶ ትንፋሽ በሚወስድበት ባዶ ቦታ ላይ ሁልጊዜ ቀድሜ እገባ ነበር። ሰው የሚፈጥነው ከባዱ ቦታ ላይ ብቻ አይደለም፤ ዝምታው ላይም ነው። መፍትሄው ባዶውን ቦታም ድምፅ አውጥቶ መቁጠር ነው። በስልካችሁ ቅዱና ስሙት፤ እየተጫወቱ ራስን መስማት ከባድ ነው።

ችክችካ ላይ ትጠፋላችሁ?

አብዛኛው የስልክ ሜትሮኖም ሲከፈት በአራት በአራት ይቆጥራል፤ የመጀመሪያዋንም ጮክ ያደርጋታል። ችክችካ የሚባለው የባህል ምት ግን 6/8 ነው፤ በስድስት በስድስት ይቆጠራል። ጮክ ያለችው ምት በየዙሩ ሌላ ቦታ ላይ ስለምትወድቅ ጆሮ ይምታታል። ቅንብሩን ወደ 6/8 ቀይሩት፤ ካልቻለ ጮክ ማለቷን አጥፉት። መጀመሪያ 150 ላይ ስድስቱንም ምት ያሰማችሁ፤ እግራችሁ አንድና አራት ላይ ይውደቅ። ሲለምዳችሁ 50 ላይ አውርዱት። ፍጥነቱ ያው ነው፤ አሁን ግን የሚሰማችሁ አንድና አራት ብቻ ነው፤ የቀረውን እናንተ ትሞሉታላችሁ።

ቅኝት ስትወጡና ስትወርዱስ?

የትዝታን ቅኝት ከሲ ጀምራችሁ ውጡ፦ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ፣ ከዚያ ላይኛው ሲ። በአንድ ምት ሁለት ድምፅ ስትጫወቱ ታችኛው ሲ ምቱ ላይ ያርፋል፤ ላይኛው ሲ ግን በሁለት ምት መሀል ይወድቃል። ቅኝቱ አምስት ድምፅ ስለሆነ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ የተሳሳተ መስሎት ላይኛውን ሲ ምቱ ላይ ለማሳረፍ ይጎትተዋል፤ ከዚያ ሁሉም ይዛባል። ተዉት፣ መሀል ላይ ይሁን። ላይኛውን ሲ ሳትደግሙ ስትወርዱ ታችኛው ሲ ራሱ ምቱ ላይ ይመጣል። ባቲና አምባሰልም አምስት አምስት ድምፅ ስላላቸው እንደዚሁ ናቸው። ድምፃዊ እንደ ልቡ በሚያንጎራጉርበት መግቢያ ላይ ግን ሜትሮኖም አትክፈቱ፤ እዚያ ጆሮ የሚከተለው ዘፋኙን ነው።

የሜትሮኖሙ ድምፅ ድንገት ከጠፋባችሁ ደግሞ አትደንግጡ። ክሩን በትክክል ምቱ ላይ ስትመቱት የጊታሩ ድምፅ ይሸፍነዋል። ጥሩ ምልክት ነው።

ጠዋት ጠዋት ጣት አልታዘዝ ካለ ብርዱ ነው። የጦሳ ተራራ አየር ቀልድ አያውቅም። እጃችሁን በሞቀ ውሃ አሙቁ፤ ትናንት ካቆማችሁበት ፍጥነት ሳይሆን ከ50 ጀምሩ።

ሜትሮኖም ሲዘጋ ትጠፋላችሁ?

ጊዜውን የሚጠብቅላችሁ እሱ ስለሆነ ነው። ሥራውን ቀስ በቀስ ውሰዱበት። በ80 የምትጫወቱትን 40 ላይ አውርዱና ድምፁን ሁለተኛና አራተኛ ምት አድርጋችሁ ቁጠሩት፤ አንድንና ሦስትን እናንተ ታገኟቸዋላችሁ። የመጀመሪያው ቀን ያናድዳል፤ በአንድ ኮርድ ብቻ ሞክሩት። ከዚያ ወደ 80 መልሳችሁ የስልኩን ድምፅ ለአራት ዙር (አንድ ዙር አራት ምት ነው) ዝጉና ሳታቆሙ ተጫወቱ። ድምፁን መልሳችሁ ስትከፍቱ ምቱ ከእጃችሁ ጋር እኩል ከወደቀ በሚቀጥለው ቀን ስምንት ዙር ዝጉት።