በስልክ አማካይነት ቤተሰቦች ቆሻሻን እንዲቀንሱና እንዲለዩ ማነሣሣት፦ ለወሎ ከተሞች ቅሬዎች የቀረበ መመሪያ

ከደሴ አካባቢ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ወደ አዋሽ የሚወርደው የቦርከና ወንዝ፣ የላይኛው መንደር የጣለውን ፌስታልና ሃይላንድ በበልግም በክረምትም ለታችኛው ያደርሳል። ከቤት ያልተያዘ ቆሻሻ የጎረቤት ዕዳ የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው። ስልክ ይህን ለመግታት ብዙ ሊያግዝ ይችላል፤ የሚያግዘው ግን ሰዎች አስቀድመው በሚተማመኑበት ማኅበር፣ በወሎ ደግሞ ከሁሉ በላይ በቅሬ (እንደ ዕድር ባለው የሰፈር መረዳጃ ማኅበር) ላይ ሲደገፍ ነው።

የቴሌግራም ግሩፕ ከመክፈት በፊት ከቆሻሻ ሰብሳቢው ማኅበርና ከቁራሌው ጋር መነጋገር ያስፈልጋል። የትኛው ዕቃ በስንት ብር እንደሚገዛ፣ በየትኛው ቀን እንደሚነሣና ተለይቶ የወጣው ጆንያ በጋሪው ላይ ከሌላው ጋር እንደማይደባለቅ በግልጽ ተስማሙ። አንዲት እናት ለይታ ያወጣችውን ፕላስቲክ ከአመድና ከልጣጭ ጋር ሲቀላቀል በዓይኗ ካየች፣ ከዚያ በኋላ የሚላክላት ማንኛውም መልእክት ዋጋ አይኖረውም። በእኔ እምነት አብዛኛው እንዲህ ያለ ጥረት የሚከሽፈው በቴክኖሎጂ ጉድለት ሳይሆን በዚህች ቦታ ነው።

ስምምነቱ ካለቀ በኋላ ኃላፊዎች ብቻ የሚጽፉበት አንድ የማስታወቂያ ቻናል ክፈቱ፤ ጥያቄና ውይይት በሌላ ግሩፕ ይሁን፤ አለበለዚያ የመሰብሰቢያው ቀን በሰላምታና በምርቃት መካከል ይጠፋል። የመሰብሰቢያውን ቀንና ሰዓት የያዘውን መልእክት ከላይ አጣብቁት። ኢንተርኔት የሌለው ስልክ ለያዙ አባላት አጭር የጽሑፍ መልእክት ይላክ፤ ማንበብ ለማይችሉ ደግሞ አንድ ወጣት ደውሎ ይንገራቸው። አፋን ኦሮሞ በሚነገርባቸው መንደሮች መልእክቱ በዚያው ቋንቋ በድምፅ ተቀድቶ ይላክ። ቪዲዮ የኢንተርኔት ጥቅል ስለሚጨርስ ግማሽ ደቂቃ የማይሞላ ድምፅና አንድ ፎቶግራፍ ይበልጣሉ።

መልእክቱ ሰው ነገሩን ሊያደርግ በሚችልበት ሰዓት መድረስ አለበት። «አካባቢያችንን እንጠብቅ» የሚለው ጥሪ የሚደመጥ ቢሆንም የሚያሠራ አይደለም። ለደሴ ሰው እሑድ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ፣ በሰኞ ገበያ ዋዜማ፣ «ነገ ዘንቢልና የዘይት ጀሪካን ይዛችሁ ውጡ» የሚል መልእክት ቢደርሰው ግን ፌስታሉ ገና ቤት ሳይገባ ይቀራል። ለአንድ ጊዜ አገልግሎት የሚውል ፌስታልን የሚከለክለው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ አዋጅም በ2017 ዓ.ም. ስለጸደቀ፣ ዘንቢል መያዝ ከልማድነት አልፎ ሕግን ማክበር ሆኗል። ቴሌግራም መልእክትን በቀጠሮ መላክ ስለሚያስችል የወሩን ማስታወሻ በአንድ ምሽት ማዘጋጀት ይቻላል። ስለ ሃይላንድ ስትጽፉ ከሥሩ ያለውን የሦስት ማዕዘን ምልክትና በውስጡ የተጻፈውን 1 ቁጥር ፎቶ አንሥታችሁ ላኩ፤ ውኃው ተደፍቶ፣ ጠርሙሱ ተጨፍልቆ በጆንያ እንዲቀመጥም ንገሩ። ፕላስቲክ ማቃጠል ጢሱ መርዛማ ስለሆነ ፈጽሞ መመከር የለበትም።

በክብደት ትልቁ ድርሻ ግን ከማድቤት የሚወጣው ነው፦ የድንችና የሽንኩርት ልጣጭ፣ የጎመን ቅጠል፣ ከበረካ በኋላ የሚደፋው የቡና ዝቃጭ። ይህ በገንዳ ታምቆ ሲበሰብስ ሚቴን የተባለውን ጋዝ ያወጣል፤ በጓሮ ከደረቅ ቅጠልና ከጭድ ጋር ተደራርቦ፣ እርጥበቱ ተጠብቆ፣ በየጊዜው ቢገለበጥ ግን ማዳበሪያ ይሆናል። እዚህ ላይ ከሌላ ቦታ የመጣን መልእክት እንዳለ ማስተላለፍ አይገባም። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2500 ሜትር ከፍ ያለች ብርዳማ ከተማ ስለሆነች፣ ክምሩ 1850 ሜትር አካባቢ ከምትገኘው ከኮምቦልቻ ይልቅ ዘግይቶ ይበስላል። ለኮምቦልቻ የተነገረውን ጊዜ ለደሴ ቤተሰብ ቃል ከገባችሁ፣ ቤተሰቡ ክምሩ ተበላሽቷል ብሎ ይደፋዋል።

ከዚያ በኋላ ዋናው ሥራ መመዘንና ውጤቱን መልሶ መንገር ነው። በመሰብሰቢያው ቀን የተንጠልጣይ ሚዛን ይዛችሁ የእያንዳንዱን ዕቃ ኪሎ፣ የተሸጠበትን ዋጋና ቀኑን በስልክ ሠንጠረዥ ላይ መዝግቡ፤ ኔትወርክ በማይኖርበት ጊዜ ኮቦ ቱልቦክስ የተባለው ነፃ መተግበሪያ መረጃውን ይዞ ቆይቶ በኋላ ይልካል። ገንዘቡ በቴሌብር ይከፈል፤ ደረሰኙም በዚያው ምሽት በቻናሉ ላይ ይለጠፍ። ወደ ቅሬው ሣጥን ገብቶ ድንኳንና ወንበር ይገዛበት ወይስ ለየቤተሰቡ ይከፋፈል የሚለውን አባላቱ ይወስኑ፤ እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ የአንድ ቤት ድርሻ ጥቂት ብር ሲሆን የሰፈሩ ድምር ግን የሚታይ ነገር ይሠራል። የወሩ ቁጥር በቻናሉ ከመውጣቱ ሌላ በቅሬው ስብሰባ ላይ በቃል ይነበብ።

ያልለየ ቤተሰብን ስም ወይም የደጁን ፎቶ በግሩፕ ማውጣት ክልክል ይሁን። ሐዘንና ቀብር የሚያገናኘው ማኅበር ሰውን የሚያሳፍርበት ምክንያት የለውም። ይልቁንም የሰፈሩ ድምር ብቻ ይገለጽ፤ የግል ጉዳይ ካለ አንድ ሽማግሌ በቤቱ ሄዶ ያነጋግር።

ተለይቶ የሚሰበሰበው ዕቃ ኪሎ ለሁለት ተከታታይ ወራት ከቀነሰ ተጨማሪ መልእክት አትላኩ። በቴሌግራም የድምፅ መስጫ ላይ «ቀኑ አልተመቸም»፣ «ሰብሳቢው አልመጣም»፣ «ማስቀመጫ ቦታ የለኝም»፣ «ዋጋው አነሰ» የሚሉ አማራጮችን አስቀምጡ፤ ግሩፑ ውስጥ የሌሉትንም በስልክ ጠይቁ፤ ከዚያም ብዙ ድምፅ ያገኘውን አንዱን ችግር እስከሚቀጥለው መሰብሰቢያ ቀን ድረስ አስተካክሉ።