የመጀመሪያዎቹን የፕሌይስቴሽን 1 ጌሞች በአምስት ደቂቃ ሳትዘጉ ለመጫወት

ነገሩ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። አንድ ሰው የድሮ ጌም ይናፍቀዋል፣ ፈልጎ ያገኘዋል፣ ይከፍተዋል፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ «ይሄን ነበር እንዴ ስናደንቅ የኖርነው?» ብሎ ይዘጋዋል። እኔም ጃምፒንግ ፍላሽን እንዲሁ ዘግቼዋለሁ። ሥዕሉ ይንቀጠቀጣል፣ የት እንደቆምኩ አይገባኝም፣ ጆይስቲኩም እንቢ አለኝ። ከወራት በኋላ ተመልሼ ስሞክረው ግን ጥፋቱ የጌሙ ብቻ እንዳልነበረ ገባኝ። የዛሬ ቲቪ፣ የዛሬ ጆይስቲክና የዛሬ ልማድ ይዤ ነበር የገባሁት።

እንግዲህ እኔ የሠራኋቸውን ስህተቶች እናንተ እንዳትደግሙ፣ ሦስት ነገር እናያለን። የትኞቹን ጌሞች እንደምትመርጡ፣ በምን እንደምትጫወቱና በምን ቅደም ተከተል።

መጀመሪያ ምርጫውን አጥብቡ። ፕሌይስቴሽን ጃፓን ውስጥ የወጣው ታኅሣሥ 3 ቀን 1994 ነው (ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። አሜሪካ የገባው መስከረም 9 ቀን 1995፣ አውሮፓ ደግሞ በዚያው ወር መጨረሻ ላይ። እኔ የምመክራችሁ ከዚያ ከመጀመሪያው ቀን እስከ 1995 መጨረሻ የወጡትን ብቻ እንድትይዙ ነው። ክራሽ ባንዲኩት፣ ሬዚደንት ኢቭልና ቶምብ ሬይደር የ1996 ልጆች ናቸው፤ እነሱን ለሌላ ጊዜ አቆዩአቸው። የመጀመሪያው ዓመት ደስ የሚለው ማንም ምንም ስላላወቀ ነው። ካሜራው የት ይቁም? ሰውየው በምን ቁልፍ ይዙር? ሁሉም ሠሪ በየፊናው ይገምት ነበር። አንዳንዱ ግምት አስቂኝ ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ እስከዛሬ ይሠራበታል።

አሁን ወደ ማሽኑ። ዋናው ፕሌይስቴሽን 1 ካላችሁ ጨዋታው አለቀ፣ ሰክታችሁ ጀምሩ። የመጀመሪያዎቹን ሞዴሎች የምትገዙ ከሆነ ግን ተጠንቀቁ፤ ሌዘሩ የሚንሸራተትበት ፕላስቲክ ከጊዜ ብዛት ይበላል፣ ሲዲውንም ማንበብ ያቅተዋል። ሰዎች ማሽኑን ገልብጠው የሚጫወቱት ለዚህ ነበር። አዎ፣ እውነት ነው፣ ጣሪያውን ወለል አድርገው። ፕሌይስቴሽን 2ም የ1ን ሲዲ ያነባል፤ ሴቭ ለማድረግ ግን የ1ን ሜሞሪ ካርድ ትፈልጋላችሁ፣ የ2 ካርድ አይቀበልም።

ማሽኑ ከሌላችሁ ኮምፒውተር ላይ ዳክስቴሽን (DuckStation) የሚባለው ኢሙሌተር፣ ማለትም ማሽኑን የሚያስመስል ፕሮግራም፣ አለ። የራሳችሁን ሲዲ ወደ ፋይል ቀይራችሁ መጫወት ትችላላችሁ። እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፦ ብዙዎቹ የዚያን ጊዜ ጌሞች ሙዚቃቸው ተራ የሲዲ ዘፈን ሆኖ ነው ዲስኩ ላይ የተቀመጠው። ኢሙሌተሩ ዘፈኖቹ የት የት እንዳሉ የሚያውቀው «ኪው» ከተባለችው ትንሽዬ ፋይል ነው። ትልቁን ፋይል ብቻ ከከፈታችሁ ጌሙ ይሠራል፣ ሙዚቃው ግን ዝም። እኔ ዋይፕአውት የሚባለውን የተንሳፋፊ መንኮራኩሮች ውድድር ጌም ለሁለት ሳምንት ያለሙዚቃ ተጫውቼ «እንዴት ያለ ቀዝቃዛ ጌም ነው» ስል ነበር። ዋይፕአውትን! ከሙዚቃው ውጭ ምን አለው ቢባል ግማሹ ሰው መልስ የለውም።

ኢሙሌተር ውስጥ የሚያጓጉ ማስተካከያዎች አሉ። ሥዕሉን አሥር እጥፍ ማጥራት፣ መንቀጥቀጡን ማጥፋት፣ ሁሉንም ማለስለስ። በመጀመሪያው ቀን አንዱንም አትንኩ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ፣ ከዚህ ሁሉ ዋናው እሱ ነው።

ፕሌይስቴሽን 1 ላይ ግድግዳውና መንገዱ እንደ ውሃ ሲወዛወዝ ታያላችሁ። ብልሽት አይደለም። ማሽኑ ሁሉን ነገር የሚሠራው ከሦስት ማዕዘኖች ነው፤ የማዕዘኖቹን ጫፍ ስክሪኑ ላይ ሲያስቀምጥ ደግሞ በሙሉ ቁጥር ብቻ ነው፣ በሁለት ፒክስል መካከል ያለ ቦታ አያውቅም። ስለዚህ አንድ ነገር ቀስ ብሎ ሲንቀሳቀስ ጫፉ ከአንዱ ፒክስል ወደ ሌላው ይዘላል፣ ለዓይናችሁ መንቀጥቀጥ ይሆናል። ሌላም አለ። ግድግዳው ላይ የጡቡን ሥዕል ሲለጥፍ የትኛው ጫፍ ቅርብ፣ የትኛው ሩቅ እንደሆነ ከቁጥር አያስገባም። ከሩቅ ስታዩት ምንም አይል፣ አጠገቡ ስትደርሱ ግን ቀጥ ያለው መስመር ይጣመማል። ሠሪዎቹ መድኃኒት አግኝተውለት ነበር፤ ቅርብ ያለውን ትልቅ ወለል ወደ ብዙ ትናንሽ ቁርጥራጮች ይከፍሉታል፣ ጥመቱ ይቀንሳል። ቁርጥራጭ በበዛ ቁጥር ግን ማሽኑ ይደክማል። አያችሁ፣ እያንዳንዱ ጌም የዚህ ድርድር ውጤት ነው። መንገዱ ላይ ትንሽ ከተጣመመ፣ ያተረፉትን ጉልበት ለሌላ ነገር አውለውታል ማለት ነው።

ይህ ሁሉ የሆነው 2 ሜጋባይት ዋና ሜሞሪ፣ 1 ሜጋባይት የሥዕል ሜሞሪና 512 ኪሎባይት የድምፅ ሜሞሪ ባለው ማሽን ነው። በስልካችሁ ያነሳችሁት አንድ ፎቶ ብዙ ጊዜ ከዚህ ሁሉ ድምር ይበልጣል። ይህን እያሰባችሁ ስትጫወቱ ዓይናችሁ ሌላ ነገር ማየት ይጀምራል። በሁለተኛው ዙር መንቀጥቀጡን የሚያጠፋውን «ፒጂኤክስፒ» የሚባለውን ማስተካከያ አብሩትና አወዳድሩ። እኔ አንዳንዱን ጌም ከነመንቀጥቀጡ መረጥኩ፤ ሲለሰልስ የፕላስቲክ መጫወቻ ይመስልብኛል። እናንተ በተቃራኒው ልትሆኑ ትችላላችሁ።

ቲቪውስ? ከኋላው ያበጠው የድሮ ቲቪ ካላችሁ እሱን ተጠቀሙ። ማሽኑ ቀለሞችን ለማዋሃድ ነጠብጣብ ይረጫል፤ ያ ነጠብጣብ በድሮው ቲቪ ላይ ተዋህዶ ለስላሳ ይሆናል፣ በጠፍጣፋው ላይ ግን እንደ አሸዋ ይቆጠራል። ጠፍጣፋ ቲቪ ብቻ ካላችሁ ሴቲንጉ ውስጥ «ጌም ሞድ» የሚለውን አብሩ። ካላበራችሁት ቁልፍ ስትጫኑ ምላሹ ይዘገያል፣ ጌሙን ያለጥፋቱ ትሰድቡታላችሁ።

አንድ ሌላ ወጥመድ አለ። የአውሮፓው ቅጂ በ50 ኸርዝ (ሥዕሉ በሰከንድ 50 ጊዜ እየታደሰ)፣ የአሜሪካውና የጃፓኑ በ60 ኸርዝ ይሠራል። ብዙ ጌሞች ለ50 ሳይስተካከሉ ስለተገለበጡ በአውሮፓው ቅጂ ላይ ሁሉም ነገር ወደ 17 በመቶ ገደማ ይንቀራፈፋል። ሶኒ ራሱ በ2018 ያወጣው ትንሹ ፕሌይስቴሽን ክላሲክ ከ20 ጌሞቹ የተወሰኑትን በ50ው ቅጂ ይዞ መጥቶ ብዙ ተወቅሶበታል። ምርጫ ካላችሁ 60ውን ያዙ። ዋይፕአውት ላይ ግን ልባችሁ ይከፈላል፤ ሊቨርፑል ውስጥ በሳይግኖሲስ የተሠራ ነው፣ የአውሮፓው ዲስክ ላይም የኬሚካል ብራዘርስ፣ የሌፍትፊልድና የኦርቢታል ሙዚቃ አለበት።

ጆይስቲኩን በተመለከተ አጭር ነው። የመጀመሪያው ጆይስቲክ አናሎግ፣ ማለትም በአውራ ጣት የምትገፋው ትንሽ ዱላ፣ የለውም፤ ዱላ ያለው ዱዋል ሾክ የሚባለው ጆይስቲክ የመጣው በ1997 ነው። ስለዚህ አውራ ጣታችሁን የአቅጣጫ ቁልፎቹ ላይ አድርጉና ትንሹን ዱላ እርሱት። መኪና በቁልፍ መንዳት መጀመሪያ ያስጠላል። ዘዴው ተጭኖ መያዝ ሳይሆን መታ መታ ማድረግ ነው። የጃፓን ቅጂ ከሆነ ደግሞ ክቧ ቁልፍ «እሺ»፣ መስቀሏ ቁልፍ «ተመለስ» ናት። ከለመዳችሁት ተቃራኒ ነው፣ ሜኑ ላይ ስትወጡና ስትገቡ ራሳችሁን ብታገኙት አትገረሙ።

አሁን ቅደም ተከተሉ። በሪጅ ሬሰር ጀምሩ። ናምኮ በ1993 ለመጫወቻ ቤት የሠራው ጌም ነው፣ ፕሌይስቴሽን ጃፓን ውስጥ በተሸጠበት በመጀመሪያው ቀን አብሮት ወጣ። ገና ሲከፈት ጋላክሲያን የተባለች የድሮ ጌም ትመጣላችኋለች። ሎድ እስኪያደርግ ዝም ብላችሁ አትጠብቁ ብለው ነው ያስገቧት። እንዳትንቋት፤ ጠላቶቹን በሙሉ ከጨረሳችሁ 8 ተጨማሪ መኪና ይከፈትላችኋል። ከዚያ ውድድሩ ውስጥ ስትገቡ ያለው አንድ መንገድ ነው ቢባል ይቀላል። ከፍ ባለው ደረጃ ይረዝማል፣ ኋላ ላይ ደግሞ ወደ ኋላ ይገለበጣል። «በቃ ይሄው ነው?» ትላላችሁ። ይሄው ነው። ጥቅሙም እዚያ ላይ ነው፤ አንዱን መንገድ በጣታችሁ እስክታውቁት ትነዱታላችሁ። ጥምዝ ላይ ነዳጁን ልቀቁ፣ አቅጣጫውን ያዙ፣ መልሳችሁ ነዳጅ ስጡት። መኪናው ይንሸራተታል። እሱ እስኪመጣላችሁ ድረስ ስለ ግራፊክሱ አስተያየት አትስጡ።

ሁለተኛ ጃምፒንግ ፍላሽ፣ የ1995። ሮቢት የሚባል የጥንቸል ሮቦት ናችሁ፣ ዓለሙን የምታዩት ደግሞ በእሱ ዓይን ነው። በራስ ዓይን እያዩ ከጣሪያ ጣሪያ መዝለል እብደት ይመስላል፣ የት እንደምታርፉ እንዴት ታያላችሁ? ሠሪዎቹ ያገኙት መልስ ቀላል ነበር፦ አየር ላይ ደግማችሁ ስትዘሉ ካሜራው ራሱ ወደታች ይመለከታል። እግራችሁንና ከታች ያለውን መሬት ታያላችሁ። አየር ላይ እያላችሁ ደግማችሁ ደጋግማችሁ መዝለል ትችላላችሁ፣ በጠቅላላው እስከ ሦስት ጊዜ። እኔ በመጀመሪያው ቀን የተሳሳትኩት እንደ ተኩስ ጌም ወደፊት እየሮጥኩ ስለተጫወትኩት ነው። አትሩጡ። ቁሙ፣ ሦስት ጊዜ ዝለሉ፣ ከላይ ሆናችሁ መንደሩን ተመልከቱ፣ ከዚያ የምትሄዱበትን ምረጡ። ጌሙ አጭር ነው፣ ስድስት ዓለም፣ እያንዳንዱ ሦስት ክፍል። በአንድ ቅዳሜ ያልቃል።

ከዚያ ተደባዳቢዎቹ። ባትል አሬና ቶሺንደንን ለግማሽ ሰዓት ቅመሱት፣ ወደ ጎን መሸሹን እዩና እለፉ። ጊዜያችሁን ለቴከን አቆዩ። የቴከንን ቁልፎች ለመረዳት አንድ ነገር ይበቃል፦ አራቱ ቁልፎች አራት እጅና እግር ናቸው። ካሬዋ ግራ እጅ፣ ሦስት ማዕዘኗ ቀኝ እጅ፣ መስቀሏ ግራ እግር፣ ክቧ ቀኝ እግር። በመጫወቻ ቤቱ የቆመው የቴከን ማሽን ራሱ በፕሌይስቴሽን ዕቃ ላይ የተመሠረተ ስለነበር ወደ ቤት ሲመጣ ብዙም አልተጎዳም።

ዋይፕአውት ላይ ደግሞ ትዕግሥት ያዙ። በመጀመሪያው ዋይፕአውት ግድግዳ ከነካችሁ መንኮራኩሯ ቀጥ ብላ ትቆማለች ማለት ይቻላል። ሁሉም ሰው የሚያቋርጠው እዚህ ላይ ነው። ፌይዛር የሚባለውን ቡድን ምረጡ፣ ፍጥነቱ ያነሰ ቢሆንም ይታዘዛል። ሹል ጥምዝ ላይ በአቅጣጫ ቁልፉ ብቻ አትመኩ፣ በትከሻ ቁልፎቹ ያለውን የአየር ፍሬን ወደምትዞሩበት ጎን ጨምሩበት። ደግሞም ፍሬኑን ጥምዙ ውስጥ ከገባችሁ በኋላ ሳይሆን ቀደም ብላችሁ ያዙት። ይህን ሳታውቁ ብትጫወቱ ጌሙ ክፉ ነው፤ ካወቃችሁ በኋላ ግን እጃችሁ ከሙዚቃው ጋር መሄድ ይጀምራል።

ሬይማን ለየት ይላል። ሁሉም ሰው ወደ 3ዲ ሲሮጥ እሱ በ2ዲ ቀረ፣ ዛሬ ስታዩት ግን ካረጁት ሁሉ ትንሹን ያረጀው እሱ ነው። እንዳያታልላችሁ፣ ቆንጆ ሆኖ ጨካኝ ነው። መጨረሻው የሚከፈተው በየክፍሉ በተደበቁ የፍርግርግ ሳጥኖች ውስጥ የታሰሩትን ፍጡሮች በሙሉ ስትፈቱ ነው። በየክፍሉ 6 ሳጥኖች አሉ። ኢሙሌተር ላይ ከሆናችሁ በየደቂቃው ሴቭ ማድረግ ይፈትናችኋል። የእኔ ሕግ ይህ ነው፦ ሌሎቹ ላይ አታድርጉ፣ ሬይማን ላይ በየክፍሉ መጀመሪያ አንዴ ይፈቀዳል።

ወኔ ካላችሁ ኪንግስ ፊልድንም ጨምሩ። ዳርክ ሶውልስን የሠራው ፍሮምሶፍትዌር በታኅሣሥ 1994 ያወጣው ነው። ስሙ ላይ ተጠንቀቁ፤ አሜሪካ ውስጥ «ኪንግስ ፊልድ» ተብሎ የተሸጠው ጃፓን ውስጥ ሁለተኛው ነው፣ የመጀመሪያው ከጃፓን አልወጣም። እንደ ኤሊ ነው የሚሄደው። ሰይፍ ሰንዝራችሁ ጉልበታችሁ እስኪሞላ ትጠብቃላችሁ። ማታ፣ መብራት አጥፍታችሁ፣ ሳትቸኩሉ።

እያንዳንዱን ጌም ቢያንስ ሁለት ጊዜ ተቀመጡለት፣ በተለያየ ቀን። የመጀመሪያው ቀን ለጣታችሁ ነው፣ ሁለተኛው ለጌሙ። ከሁለተኛው በኋላ ካስጠላችሁ በሰላም ዝጉት፣ ሁሉም የድሮ ጌም ጥሩ አይደለም።

ዋናው ማሽንና የሪጅ ሬሰር ዲስክ በእጃችሁ ካለ ደግሞ አንድ ነገር ሞክሩልኝ። ጌሙ ሙሉ በሙሉ ሜሞሪው ውስጥ ገብቶ ያድራል፣ ሲዲውን የሚፈልገው ለሙዚቃ ብቻ ነው። ሎድ አድርጎ ሲጨርስ ክዳኑን ክፈቱ፣ ዲስኩን አውጡ፣ የምትወዱትን የዘፈን ሲዲ አስገቡና ውድድሩን ጀምሩ። መኪናው በእናንተ ዘፈን ይሄዳል።