ሃርድ ዲስክ ሲሞት መጀመሪያ ኮፒ፣ ጥገናው ኋላ

ላፕቶፑ አንድ ፋይል ለመክፈት ደቂቃ ከፈጀበት፣ ወይ ዊንዶውስ ድንገት «ዲስኩን ፎርማት ላድርገው?» ካላችሁ እሺ አትበሉት። የዊንዶውስ የዲስክ መጠገኛ የሆነውን ቼክዲስክንም (chkdsk) ገና አታስኬዱ። ቼክዲስክ የፋይል ሲስተሙን (የትኛው ፋይል የት እንዳለ የሚመዘገብበትን ሥርዓት) የሚያስተካክለው እዚያው ዲስክ ላይ እየጻፈ ነው፤ በመሞት ላይ ያለ ዲስክ ላይ ሲሆን ደግሞ የተረፈውንም ይዞት ሊሄድ ይችላል።

የዲስኩን ጤና ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም እዩ። 05፣ ሲ5 እና ሲ6 የሚሉት መስመሮች ላይ ያለው ጥሬ ቁጥር ዜሮ ካልሆነ ሴክተሮቹ፣ ማለትም ዳታው የሚቀመጥባቸው የዲስኩ ትንንሽ ክፍሎች፣ መበላሸት ጀምረዋል። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ እያለ ባዮስ (ዊንዶውስ ሳይነሳ የሚከፈተው የኮምፒውተሩ ማስተካከያ ገጽ) ላይ እንኳን የማይታይ ከሆነ ግን ሶፍትዌር ምንም አያደርግለትም። አጥፉትና ዳታ ማውጣት ለሚችል ባለሙያ ስጡት። ፍሪዘር ውስጥ ክተቱት የሚላችሁን አትስሙ።

አዲሱ ዲስክ ከአሮጌው እኩል ወይም የሚበልጥ ይሁን፤ በትንሽ እንኳን ካነሰ ኮፒው ሙሉ አይሆንም። ዋጋው አጠራጣሪ የሆነ ባለ 2 ቴራ ኤስኤስዲ ካገኛችሁ ውስጡ የተጻፈውን ያህል ላይይዝ ስለሚችል፣ ዳታ ሳታስገቡበት ትክክለኛ መጠኑን በሚለካው ኤች2ቴስትደብሊው (H2testw) ፕሮግራም ፈትኑት።

አሁን ዋናው ሥራ። ኮምፒውተሩን በዊንዶውስ ሳይሆን ሊኑክስ ከተጫነበት ፍላሽ አስነሱና አዲሱን ዲስክ በዩኤስቢ አስማሚ ሰክታችሁ ዲዲሬስኪው (ddrescue) የሚባለውን የዲስክ መገልበጫ ፕሮግራም አስኬዱ። ደህናውን ክፍል ቶሎ ቶሎ ይገለብጥና አስቸጋሪውን ዘሎ መጨረሻ ላይ ይመለስበታል፣ ከተራ ኮፒ የሚሻለውም በዚህ ነው። ትእዛዙ ላይ መጀመሪያ አሮጌው ዲስክ፣ ቀጥሎ አዲሱ፣ ሦስተኛ የማፕ ፋይሉ (ሥራው የት እንደደረሰ የሚመዘገብበት) ይጻፋል። ሁለቱን ካቀያየራችሁ ባዶው ዲስክ ዳታችሁ ላይ ይገለበጣል፣ ስለዚህ የትኛው የትኛው እንደሆነ በሞዴልና በሴሪያል ቁጥር ሳታረጋግጡ ኢንተር አትጫኑ። የማፕ ፋይሉን ሌላ ፍላሽ ላይ አስቀምጡት። መብራት ሄዶ ሥራው ቢቋረጥ ያንኑ ትእዛዝ ትደግማላችሁ፣ ካቆመበት ይቀጥላል። ዲስኩ ክፉኛ ከተጎዳ ቀናት ሊወስድ ይችላል፤ ተዉት ይሥራ።

ሲጨርስ ኮምፒውተሩን አጥፉ። አሮጌውን ንቀሉና አዲሱን በቦታው ግጠሙ። ሁለቱ እንደተሰኩ ዊንዶውስ አታስነሱ፣ መለያቸው አንድ ስለሆነ አንዱን ኦፍላይን (እንዳይከፈት) ያደርገዋል።

የቼክዲስክ ተራ አሁን ነው፣ አዲሱ ላይ። ትእዛዝ መስጫውን በአድሚን ከፍታችሁ ቼክዲስክ፣ የድራይቩን ፊደል ከነሁለት ነጥቡ፣ ከዚያ ስላሽ ኤፍ ጻፉ፣ ለምሳሌ chkdsk D: /f። ሲስተሙ ያለበት ድራይቭ ከሆነ ሪስታርት ሲደረግ ልሥራ ይላችኋል፣ እሺ በሉት። ባለቤታቸው የጠፋ የፋይል ቁርጥራጮች ካገኘ ፋውንድ 000 የሚባል የተደበቀ ፎልደር ውስጥ ይከታቸዋል። ሊኑክስ ከሆናችሁና ፋይል ሲስተሙ ኢኤክስቲ4 ከሆነ፣ ፓርቲሽኑ (ፋይሎቹ ያሉበት የዲስኩ ክፍል) ማውንት ሳይደረግ በኢ2ኤፍኤስሲኬ (e2fsck) ታስተካክላላችሁ፤ ቁርጥራጮቹም ሎስት ኤንድ ፋውንድ ውስጥ ይገኛሉ።

ቼክዲስክ ጨረስኩ ማለቱ ፋይሎቹ ደህና ናቸው ማለት አይደለም። ያልተነበበ ሴክተር የነበረበት ፎቶ ስሙ እያለ ግማሹ ግራጫ ሊሆን ይችላል። የሚያሳስቧችሁን አንድ በአንድ ከፍታችሁ እስክታዩ አሮጌውን ዲስክ አትጣሉት።