ቼክ ኢንጅን ሲበራ መጀመሪያ የነዳጅ ክዳኑን እዩ

ቤንዚን በሞላችሁ ማግስት ቼክ ኢንጅን (ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራት) ከበራ፣ መኪናውም እንደወትሮው የሚሄድ ከሆነ፣ ጋራዥ ከመሮጣችሁ በፊት የነዳጅ ክዳኑን እዩት። ቀጭ ቀጭ እስኪል አጥብቁት። ክዳኑ ውስጥ ያለው የጎማ ቀለበት ከተሰነጠቀ ክዳኑን ቀይሩ። የቤንዚን ትነት በዚያ ሲያመልጥ የመኪናው ኮምፒውተር ይነቃል፤ በማሽን ሲነበብ ፒ0455 ወይም ፒ0457 የሚል የብልሽት ኮድ ያሳያል። መብራቱ ግን ወዲያው አይጠፋም፣ ጥቂት ቀን መንዳት ይፈልጋል። እኔ ይህን ሳላውቅ ምንም ያልሆነ ሴንሰር አስቀይሬያለሁ!

ኮዱ ከተመለሰ የትነት ቱቦዎቹንና ትነቱን ወደ ሞተር የሚያሳልፈውን ፐርጅ ቫልቭ አስፈትሹ። ማደያ ላይ መቅጃው ራሱ ካቆመ በኋላም «ትንሽ ጨምርበት» አትበሉ፤ ትርፉ ቤንዚን ትነት የሚይዘውን የከሰል ማጣሪያ ያበላሻል።

መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ሞተሩ ውስጥ ቤንዚኑ በአግባቡ እየተቃጠለ አይደለም፤ ዳር ይዛችሁ አቁሙ።